ባቡሩ መሃል መንገድ ሲቆም

ከወልድያ ወይም ከመርሳ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባ መንገደኛ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞም ጉዞው አላለቀም። ላምበረት መናኸሪያ ወርዶ፣ በታክሲ መገናኛ ደርሶ፣ ልጁ ወይም እህቱ ወዳለችበት ቃሊቲ ወይም ጦር ኃይሎች ለመሄድ ቀላል ባቡሩን የሚጠብቅ ብዙ ነው። ባቡሩ ሲቀርበት ግን የሚነገረው ነገር አጭር ነው፤ «ብልሽት አለ» ይባላል። ምን እንደተበላሸና እስከ የት እንደተበላሸ ያወቀ ሰው ግን መጠበቅ ወይም መሄድ እንዳለበት ቶሎ ይወስናል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ሁለት መስመሮች ተዘርግተውለታል። አንዱ ከአያት በመገናኛ በኩል ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ይወርዳል። ሁለቱም 22፣ 22 ጣቢያዎች ሲኖሯቸው በድምሩ የተሠሩት ግን 39 ናቸው፤ አምስቱን በጋራ ይጠቀሙባቸዋልና። እነሱም ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ እድና ልደታ ናቸው። በዚህ መሃል የሁለቱም መስመር ባቡሮች በጋራ ሐዲድ ላይ ይመላለሳሉ። ሜክሲኮ ላይ የደረሰ ብልሽት አያት ላይ የቆመውንም ቃሊቲ ላይ የቆመውንም ተሳፋሪ ሊያስቀር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። አያት አካባቢ የተበላሸ እንደሆነ ግን የቃሊቲው መስመር ላይቋረጥ ይችላል።

ሁለት መስመር በሚገናኝበት ቦታ ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሸጋግር ማዞሪያ አለ። ማዞሪያው ጫፋቸው የሾለ፣ በሞተር የሚገፉ ብረቶች አሉት። ብረቱ ከዋናው ሐዲድ ጋር ጥብቅ ብሎ መግጠም አለበት፤ በጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ከተራራቀ የባቡሩ ጎማ በክፍተቱ ሊገባና ከሐዲድ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መግጠሙን የሚያረጋግጥ መሣሪያ ተገጥሞለታል። ማረጋገጫው ካልደረሰ የማለፊያው መብራት ቀይ ሆኖ ይቀራል። ችግሩ ጠጠር፣ አቧራ፣ ውሃ የገባበት ሽቦ ወይም የደከመ ሞተር ሊሆን ይችላል። መሣሪያው የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ የሚለየው አለመረጋገጡን ብቻ ነው። በመስኮት የሚያይ ተሳፋሪ ሐዲዱ ደህና ሲመስለው በሾፌሩ መናደዱ አይገርምም። ሾፌሩ ግን ባይሄድ ልክ ነው። ባለሙያ እስከ ቦታው ሄዶ በዓይኑ አይቶ ካላረጋገጠ መንገድ አይከፈትም፤ የሚያዘገየውም አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ከማዞሪያው ሌላ የኤሌክትሪክ ችግርም አለ። ቀላል ባቡሩ ከላይ በተዘረጋ ሽቦ 750 ቮልት ይቀበላል። መብራት ጠፍቶ ባቡሩ በሁለት ጣቢያ መካከል ከቆመ በር አስከፍቶ መውረድ እጅግ አደገኛ ነው። ሽቦው በማንኛውም ደቂቃ ኃይል ሊመለስበት ይችላል፣ በተቃራኒው ሐዲድ ባቡር ሊመጣ ይችላል፣ አንዳንዱ ቦታም ድልድይ ላይ ነው። ሕፃን ያዘሉና አዛውንት ካሉ መቀመጫ ይለቀቅላቸው፤ ሠራተኛ መጥቶ እስኪያወርድ መጠበቅ ነው።

ጣቢያ ላይ ሆነው ብልሽት ከሰሙ «መቼ ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። ትኬት ቆራጩም አያውቀውም። «ባቡሩ እስከ የት እየሄደ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ይህን ሊያውቅ ይችላል። ባቡር እንደ መኪና በፈለገበት ዞሮ አይመለስም፤ የሚመለሰው መሸጋገሪያ ሐዲድ ባለበት ብቻ ነው። ስለዚህ ከብልሽቱ ወዲህ ያለው ክፍል እየሠራ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ደግሞ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይሁን። ታክሲና አውቶቡስ ወደሚበዛበት ጣቢያ፣ ለምሳሌ መገናኛ፣ ስታዲየም ወይም ሜክሲኮ፣ መድረስ ከቻሉ እዚያ መውረድ በመሃል ጣቢያ ተሰልፎ ከመጠበቅ ይሻላል። ወደ አገር ቤት የሚመለስ ሰው ሌሊት 11 ሰዓት ላምበረት መገኘት ካለበት ግን በባቡሩ አይተማመን፤ ማታውኑ ቀረብ ብሎ ቢያድር ይመረጣል።

ባቡር ባለባቸው ብዙ አገሮች ብልሽት ሲደርስ ኩባንያው ራሱ አውቶቡስ አቁሞ የባቡሩን ትኬት የያዘውን ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማጓጓዝ የተለመደ ነው። ይህ ለእኛም አስፈላጊ ነው ብዬ አምናለሁ። በባቡር ከሚሄደው ብዙው ደሃ ነው፤ ሁለተኛ ትራንስፖርት የሚከፍልበት ገንዘብ በኪሱ ላይኖር ይችላል። የጥገናም ነገር አለ። ቀላል ባቡሩ 41 ባቡሮች ይዞ ነበር የጀመረው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መለዋወጫ በማጣት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቆሙ። ባቡሩ ጥቂት ሲሆን የአንዲት ሰዓት ብልሽት ቀኑን ሙሉ ይሰማል፤ የተጠራቀመውን ሰው የሚያነሳ ሌላ የለምና።

ይህ ለመርሳና ለወልድያ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የባቡር መስመር ግንባታ በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። የሚሠራውም የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ነበር። አብዛኛው ሐዲድ ቢነጠፍም የኤሌክትሪክ ኃይል በጊዜው አልደረሰለትም፤ ኋላም የሰሜኑ ጦርነት መጣ።

መስመሩ ባለ አንድ ሐዲድ ነው፤ የሚመጣና የሚሄድ ባቡር የሚተላለፈው በጣቢያ ላይ ነው። የደሴው መንገድ ሲዘጋ መኪና ከወልድያ በሐራና በጭፍራ አድርጎ ሚሌ ይወጣል። ባቡር ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ከሐራ ገበያ ወደ ደቡብ አንድ ማዞሪያ ቢበላሽ ወይም አንድ ገመድ ቢሰረቅ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሁሉ ይጠብቃል። ስለዚህ የአካባቢው ሰው ባቡሩ መቼ እንደሚጀምር ሲጠይቅ እነዚህንም አብሮ ይጠይቅ፦ የጥገና ቡድኑ የሚያድረው ሐራ ገበያ ነው ወይስ ኮምቦልቻ? መለዋወጫው አገር ውስጥ አለ ወይስ በመርከብ ይጠበቃል? ባቡሩ በቆመ ቀን የመርሳን ተሳፋሪ የሚያነሳው አውቶቡስ የማን ነው?