የመቍጠሪያው ፍሬና የኡራካሚ ምእመናን

ቍጥር የነጋዴና የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሥራ ብቻ ተደርጎ ይታሰብ ይሆናል። ዳሩ ግን በጸሎት ቤትም ቍጥር ከጥንት ጀምሮ የራሱ ስፍራ ያለው ነገር ነው። የተዋሕዶው መነኵሴ ባለ 41 ወይም ባለ 64 ፍሬ መቍጠሪያውን ይዞ ይጸልያል፤ በምጽዋ ወደብ በሱቁ ደጃፍ የተቀመጠው እስላም ነጋዴም ባለ 33 ወይም ባለ 99 ፍሬ ተስቢሑን በጣቶቹ መካከል ያሳልፋል። የካቶሊክ ምእመናን ደግሞ ከኢጣልያንኛው ቃል ወስደው «ሮዛሪዮ» የሚሉት፣ በአማርኛም የመቍጠሪያ ጸሎት የሚባል ሥርዐት አላቸው። የዚህ የመጨረሻው ታሪክ በንግድ መንገድና በሹማምንት ዐዋጅ ውስጥ ያለፈ ስለሆነ፣ ካቶሊክ ላልሆነውም ሰው ቢሆን ሊታወቅ የሚገባው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሥርዐቱ ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። መቍጠሪያው ዐሥር ዐሥር ፍሬ ያላቸው አምስት ክፍሎች አሉት። በያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ «አባታችን ሆይ» አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎም መልአኩ ገብርኤል ለእመቤታችን ያቀረበውን ሰላምታ መነሻው ያደረገው ጸሎት ዐሥር ጊዜ፣ በፍጻሜውም ለሥላሴ የሚቀርበው ምስጋና ይደገማል። አፍ ይህን ሲደግም ጣትም ሲቈጥር፣ ልቡና ከጌታ ወይም ከእናቱ ሕይወት አንዱን ምሥጢር ያሰላስላል፤ ብሥራቱን፣ ልደቱን፣ ግርፋቱን፣ ስቅለቱን፣ ትንሣኤውን። ምሥጢራቱ የደስታ፣ የሐዘንና የክብር ተብለው 15 ነበሩ፤ በ2002 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የብርሃን ምሥጢራት የተባሉትን አምስት ስለ ጨመሩ 20 ሆነዋል። ለውጭ ተመልካች ነገሩ ያንኑ ቃል መደጋገም መስሎ ይታየዋል፤ ይህም ነቀፌታ አዲስ አይደለም። የሚጸልዩት ሰዎች ግን ሸማኔ እጁ ሥራውን ሲለምደው ሐሳቡ ነጻ እንደሚሆን ሁሉ፣ አፍም ቃሉን ሲለምደው ልብ ለማሰላሰል ጊዜ ያገኛል ይላሉ።

የጸሎቱ መጀመሪያ ከዳዊት መዝሙር ጋር የተያያዘ ነው። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ገዳማት ማንበብ የሚችሉት መነኰሳት 150ውን መዝሙር ሲደግሙ፣ ፊደል ያልቈጠሩት ወንድሞች በመዝሙሩ ፈንታ 150 ጊዜ «አባታችን ሆይ» እንዲሉ ይታዘዙ ነበር። ይህን ያህል ቍጥር በቃል ለመያዝ ስለሚያስቸግር በክር ላይ የተሰካ ፍሬ ረዳት ሆነ። ቈይቶም የእመቤታችን ሰላምታ ቦታውን ወሰደ። ጸሎቱን ለቅዱስ ዶሚኒኮስ እመቤታችን ራሷ ሰጠችው የሚል ትውፊት አለ፤ የታሪክ ሊቃውንት ግን ሥርዐቱ በብዙ ሰዎች እጅ ቀስ በቀስ የተሠራ መሆኑን ይናገራሉ። በ1475 በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ የተቋቋመው የመቍጠሪያ ማኅበር ለነገሩ መስፋፋት ብዙ ረድቷል። በዚያ ዘመን የነበሩት ብዙዎቹ ማኅበራት መግቢያ ገንዘብ ሲጠይቁ፣ ይኸኛው ስሙን በመዝገብ ላስጻፈ ሁሉ፣ ድኻም ቢሆን፣ በነጻ ክፍት ነበር። በ1569 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 5ኛ ሥርዐቱን በደብዳቤ አጸኑት፤ በጥቅምት 7 ቀን 1571 በሌፓንቶ ባሕር ላይ በቱርክ መርከቦች ላይ የተገኘውም ድል በዚህ ጸሎት ምክንያት ነው ስለ ተባለ፣ በዓሉ በየዓመቱ በዚያው ቀን ይከበራል።

ለነጋዴ የሚጥመው የታሪኩ ክፍል የፍሬው ገበያ ነው። በ1268 ገደማ የፓሪስ ከተማ ሹም ኤቲየን ቧሎ የከተማውን የእጅ ሥራ ማኅበራት ደንብ በመጽሐፍ ሲያስጽፍ፣ የመቍጠሪያ ሠሪዎቹ አንድ ሳይሆኑ እንደየዕቃው የተለያዩ ሆነው ተገኙ። አጥንትና ቀንድ የሚሠሩት ለብቻ፣ መርጃንና ዛጎል የሚሠሩት ለብቻ፣ ዓምበርና ጥቍር ድንጋይ የሚሠሩትም ለብቻ ሆነው፣ እያንዳንዱ በራሱ ደንብ ይተዳደር ነበር። በለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚገኘው መንገድ እስከ ዛሬ ፓተርኖስተር፣ ማለትም «አባታችን ሆይ» ተብሎ የሚጠራው በዚያ ይሠሩ በነበሩት መቍጠሪያ ሠሪዎች ምክንያት ነው ይባላል።

ከሁሉም ይልቅ የዓምበር ንግድ አስደናቂ ነበር። ዓምበር ማለት ከጥንት ዛፍ የፈሰሰ ሙጫ በብዙ ዘመን ደርቆ እንደ ድንጋይ የሆነ ነው፤ በባልቲክ ባሕር ጠረፍም ማዕበል ወደ ዳር ያወጣዋል። የፕሩስያን ጠረፍ ይገዛ የነበረው የቴውቶን ፈረሰኞች ማኅበር ንግዱን ለራሱ ብቻ ስላደረገው፣ ከዳር ለቅሞ ለራሱ ያስቀረ ድኻ ዓሣ አጥማጅ ብርቱ ቅጣት ያገኘው ነበር። የተሰበሰበውም ዓምበር በሉቤክና በብሩዥ ከተሞች ለሚገኙት መቍጠሪያ ሠሪዎች ይሸጥ ነበር። የድህነትን መሐላ የፈጸሙ መነኰሳት ሌላውን ድኻ ከባሕር ዳር እየከለከሉ የጸሎት ዕቃ መነገዳቸው ለማንም ሰው እንግዳ ነገር ሆኖ ይታያል። የእንግሊዙ ባለቅኔ ቾሰርም በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ባንዲት እመምኔት ክንድ ላይ የመርጃን መቍጠሪያና የወርቅ ጌጥ አንጠልጥሎ በጽሑፉ ሲያሳያት፣ በፈገግታ የነቀፈው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። ምእመኑ ለመቍጠር ያበጀው ፍሬ በባለጸጋ እጅ ጌጥ ሆኖ ቀርቶ ነበር።

በሌላው የዓለም ዳርቻ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሆነ። ፍራንቸስኮስ ክሳቬርዮስ በነሐሴ 15 ቀን 1549 ጃፓን አገር ከደረሰ በኋላ፣ በተለይ በናጋሳኪና በአካባቢው ብዙ ሕዝብ ክርስትናን ተቀበለ። መቍጠሪያውንም ከፖርቱጋል ቃል ወስደው «ኮንታትሱ» አሉት። ነገር ግን በ1614 የቶኩጋዋ መንግሥት ሃይማኖቱን በመላው አገር ከለከለ። የአስተዳደሩ አሠራር እጅግ የተራቀቀ ነበር። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በቡድሃ ቤተ መቅደስ መዝገብ ስሙን ማስጻፍ ግድ ሆነበት፤ በናጋሳኪም ሕዝቡ በየዓመቱ በሹማምንት ፊት ቀርቦ የጌታን ወይም የእመቤታችንን ምስል በእግሩ እንዲረግጥ ይደረግ ነበር። በአደባባይ በተተከለው የዐዋጅ ሰሌዳ ላይ ለጠቋሚ የሚከፈለው ዋጋ ተጽፎ ነበር፤ በ1682ቱ ሰሌዳ ላይ ቄስ ለጠቈመ 500 ጥሬ ብር፣ ቄስ ላልሆነ መነኵሴ 300 ጥሬ ብር ተመድቧል። በቤት ውስጥ መቍጠሪያ የተገኘበት ሰው ነገሩን የሚያስተባብልበት መንገድ አልነበረውም፤ ዕቃው ራሱ ምስክር ነበርና።

ካህን በሌለበት፣ መጽሐፍ በሌለበት አገር የናጋሳኪ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ምን አደረጉ? በናጋሳኪ አጠገብ ያለችው የኡራካሚ መንደር ሰዎች አስቀድሞ የነበሩትን የጸሎት ማኅበራት መሠረት አድርገው የስውር አስተዳደር አቆሙ። አንዱ ሹም የበዓላትንና የጾምን ቀን እየቈጠረ መዝገቡን ይጠብቃል፤ ሌላው ሕፃናትን ያጠምቃል፤ ሌላውም ቀኑ ሲደርስ በየቤቱ ያስታውቃል። ጸሎቱን «ኦራሾ» እያሉ በዝግታ ድምፅ፣ ከአባት ወደ ልጅ በቃል አስተላለፉ። ምስሉን ረግጠው ወደ ቤታቸው ሲመለሱም የንስሓ ጸሎት ይደግሙ ነበር። ከቻይና የመጣች ካኖን የምትባል የቡድሃ እምነት የሸክላ ምስል በእመቤታችን ፈንታ በየቤቱ ትቀመጥ ነበር፤ ፈታሹ አይቶ የሚነቅፈው ነገር አያገኝባትም። ከላቲንና ከፖርቱጋል የተወሰደው ቃል በዘመን ብዛት ተዛብቶ ትርጕሙ ለተናጋሪው እንኳ የማይገባ ሆነ፤ ያም ሆኖ አልተቋረጠም። ያንኑ ቃል መደጋገም ከንቱ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢመለከቱ መልካም ነው። ዕቃውና መጽሐፉ ሲቃጠሉ ለነዚህ ሰዎች የተረፈላቸው መደጋገሙ ብቻ ነበር።

በመጋቢት 17 ቀን 1865፣ ለውጭ አገር ሰዎች ተብሎ በናጋሳኪ በኦውራ በተሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ 15 ያህል የኡራካሚ ሰዎች ቆመው ታዩ። ፈረንሳዊው ቄስ በርናር ፔቲዣን በሩን ከፈቱላቸው። አንዲት ሴት ቀርባ ልባቸው ከርሳቸው ልብ ጋር አንድ መሆኑን በዝግታ ከነገረቻቸው በኋላ የእመቤታችን ምስል የት እንዳለ ጠየቀች። የዐቢይ ጾምም 17ኛው ቀን መሆኑን አስታወቋቸው። በዚያ ዓመት በላቲን ሥርዐት ጾሙ የገባው በመጋቢት 1 ቀን ነበር። እንግዲህ ከ200 ዓመት በላይ ያለ ካህን ሲኖሩ ቍጥሩ ባንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተባቸውም።

ይህ መገለጥ መከራን እንጂ ወዲያው ዕረፍትን አላመጣም። ክልከላው ገና ስላልተነሣ፣ ከ1868 ጀምሮ 3,400 ያህል የኡራካሚ ሰዎች ወደ ሩቅ አውራጃዎች ተግዘው ከ600 በላይ የሚሆኑት በግዞት ሞቱ። የውጭ መንግሥታት ብዙ ከተቃወሙ በኋላ በ1873 የክልከላው ሰሌዳ ተነሣ፤ የተረፉትም ተመልሰው ከ1895 ጀምሮ ታላቅ ካቴድራል በገዛ እጃቸው ይሠሩ ጀመር። ከስውሮቹ ክርስቲያኖች መካከል ወደ ካህናቱ ሳይመለሱ በአባቶቻቸው ልማድ የጸኑም አሉ፤ የነርሱ ነገር ራሱን የቻለ ሐተታ ይፈልጋል። በ2018 ዩኔስኮ የስውሮቹን ክርስቲያኖች መንደሮች በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

በኡራካሚ የቀን መዝገብ ጠባቂነት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድባቸው ከነበሩት ቤተ ሰቦች የሞሪያማ ቤት አንዱ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት ታካሺ ናጋይ የሚባሉ ወጣት የራጅ ሐኪም በዚህ ቤት ተከራይተው ኖሩ። ሃይማኖት የሌላቸው ሰው የነበሩ ሲሆን፣ በ1934 ተጠምቀው የቤቱን ልጅ ሚዶሪን አገቡ። በሥራቸው የተነሣ ጨረር ስለ ጐዳቸው በ1945 የደም ነቀርሳ ያዛቸውና የቀራቸው ዕድሜ ጥቂት ዓመት መሆኑ ተነገራቸው። ባልና ሚስቱ የሞታቸውን ቅደም ተከተል ያወቁ መስሏቸው ነበር።

በነሐሴ 9 ቀን 1945 ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ሲሆን የአቶሚክ ቦምብ በኡራካሚ ሰማይ ላይ ፈነዳ። በካቴድራሉ ውስጥ ለፍልሰታ በዓል ሲናዘዙ የነበሩት ሁሉ ከካህናቱ ጋር ጠፉ፤ ከ12,000 ያህሉ የኡራካሚ ካቶሊኮች ወደ 8,500 የሚሆኑት እንደ ሞቱ ይነገራል። ዶክተር ናጋይ በሆስፒታል ሳሉ በብርቱ ቈሰሉ፤ ይሁን እንጂ ከተረፉት ባልደረቦቻቸው ጋር ቍስለኞችን ሲረዱ ሁለት ቀን ቈዩ። ወደ ቤታቸው የሄዱት በነሐሴ 11 ቀን ነው። ቤቱ ዐመድ ሆኖ፣ በማድ ቤቱ ስፍራ የሚስታቸው አጥንት ነበር። በእጇም አጥንት አጠገብ መቍጠሪያዋ ተገኘ፤ ፍሬዎቹ በእሳቱ ቀልጠው አንድ ላይ ተጣብቀዋል፣ ሰንሰለቱና መስቀሉ ግን ይለያሉ። አጥንቷን በባልዲ ሰብስበው ወሰዱ። ሁለቱ ልጆቻቸው በተራራው መንደር ከአያታቸው ጋር ስለ ነበሩ ተርፈዋል።

የተረፉት ምእመናን ከካቴድራሉ ፍርስራሽ ሥር አንዱን ደወል ሳይሰበር አገኙት። ቈፍረው አውጥተው በእንጨት ላይ ሰቅለው በዚያው ዓመት በልደት ዋዜማ ደወሉት። ዶክተር ናጋይ በዚሁ ደወል ስም የጠሩትን መጽሐፍ በ1946 ጽፈው ቢጨርሱም፣ የአሜሪካ ጦር አስተዳደር ሳንሱር አቆይቶት በ1949 ታተመ። ቤታቸው በነበረበት አካባቢ ሰዎች በሠሩላቸው ጠባብ ጎጆ ተኝተው እየጻፉ ከልጆቻቸው ጋር ኖሩ፤ በግንቦት 1 ቀን 1951ም በ43 ዓመታቸው ዐረፉ። ካቴድራሉ እንደ ገና ተሠርቶ የተፈጸመው ከርሳቸው ሞት በኋላ በ1959 ነው።