የጠላቂው ኮርቻ

ከትክል ድንጋይ ተነሥቶ ወደ ሳንጃ ቆላ የሚወርድ ነጋዴ ጭነቱን ከማንሣቱ አስቀድሞ የበቅሎይቱን ጀርባ በመዳፉ ይዳስሳል፤ ኮርቻው ወደ ትከሻዋ ቢገፋ ወይም በወገቧ ላይ ቢዋልል፣ ቁልቁለቱ ገና ሳይጋመስ ጀርባዋ እንደሚገጠብ ከአባቶቹ ተምሯልና። ወደ ቀላየ ባሕር የሚወርድ ሰውም እንዲሁ ባለ ጭነት ነው፤ ስንቁም የሚተነፍሰው አየር ነው። ዛሬ ለአንባቢ የምናስተዋውቀው መሣሪያ፣ ጠላቂው ይህን ስንቁን የሚሸከምበት ኮርቻ ሲሆን፣ ባለሙያዎቹ ባክፕሌትና ዊንግ ይሉታል፤ እኛም የጀርባ ሰሌዳና ክንፍ ብንለው ከባሕርዩ አንርቅም።

የጥበቡ መሠረት ለጣና ዳር ሰው እንግዳ አይደለም። የደንገል ታንኳ ሰውና እህል ጭኖ የሚሻገረው በደንገሉ ልብ ውስጥ አየር ስለ ተቋጠረ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ በከበደም ጊዜ ከዳር ወጥቶ ፀሐይ እንዲመታው ይደረጋል። ጥንታዊው ሊቅ አርኪሜዴስ እንዳስረዳው፣ ውሃ ውስጥ የገባ አካል ሁሉ ከስፍራው ባስለቀቀው ውሃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ይገፋል። ክንፍ የተባለውም ከጠንካራ ጨርቅ የተሠራ፣ ቅርጹ ቀለበት ወይም የፈረስ ኮቴ ብረት የሚመስል የአየር ከረጢት ነው፤ ጠላቂው በጀርባው ከተሸከመው የአየር ሲሊንደር እየጨመረ ይነፋዋል፣ በማስወጫውም እየለቀቀ ያጎድለዋል፤ በዚህም ሳይሰምጥና ሳይንሳፈፍ በውሃው መካከል ጸንቶ ይቆማል።

ፈረንሳዮቹ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 እ.ኤ.አ. በትንፋሽ መጠን አየር የሚያቀብለውን መሣሪያ ካስገኙ በኋላ ሰው ከመርከብ በሚወርድ ቱቦ ሳይታሰር መጥለቅ ቢችልም፣ የጀርባው ሰሌዳ የተገኘው ዘግይቶ፣ በ1970ዎቹ ማብቂያ በፍሎሪዳ የውሃ ዋሻዎች ውስጥ ነው። በዋሻ ውስጥ ከራስ በላይ ድንጋይ አለ፤ ከሥርም ደለል ተኝቷል፤ የጠላቂው እግር ቢያዘቀዝቅ ደለሉ ተነሥቶ የመመለሻውን መንገድ ያጨልማል። ስለዚህ ግሬግ ፍላናጋን ሰውነትን አግድም የሚያስተኛውን ሰሌዳ ሠራ፤ ዊሊያም ሆጋርት ሜይንም የማይጠቅመውን ሁሉ እየቀነሰ አጠራው።

ሰሌዳው ከማይዝግ ብረት ወይም ከአሉሚኒየም የተቀረጸ ነው። የብረቱ ሰሌዳ 2.5 እስከ 3 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ለመስመጥ በወገብ ከሚታሰረው የእርሳስ ክብደት ያንኑ ያህል ያስቀራል፤ የአሉሚኒየሙ ግን 1 ኪሎ ግራም ገደማ በመሆኑ ስስ ልብስ ለብሶ በሞቃት ባሕር ለሚጠልቅ ወይም በአውሮፕላን ለሚጓዝ ሰው ይመቻል። በመካከሉ 28 ሳንቲሜትር ተራርቀው የተበሱት ሁለት ቀዳዳዎች የሠሪዎች ሁሉ የጋራ ልክ ስለ ሆኑ፣ የአንዱ ሰሌዳ ከሌላው ክንፍ ጋር ይጋጠማል።

ክንፍን ለመምረጥ ግን ማስላት ያስፈልጋል። 11 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ በውስጡ 2.6 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይኖራል፤ ይህ ስንቅ በመንገድ ላይ እየተበላ ያልቃልና ጠላቂው ሲወርድ ከባድ፣ ሲመለስ ቀላል ነው። ደግሞም ሙቀት የሚጠብቀው የላስቲክ ልብስ በአረፋ የተሞላ ስለሆነ፣ ግፊቱ 4 እጥፍ በሚሆንበት በ30 ሜትር ጥልቀት አረፋው ወደ ሩብ ተጨምቆ የማንሣት ኃይሉን ያጣል። ክንፉ እነዚህን ሁለት ጉድለቶች መሙላት፣ ባለቤቱ ሲያወልቀውም ዕቃውን በውሃ ፊት ማንሳፈፍ አለበት፤ ለአንድ ሲሊንደር ከ13 እስከ 18 ኪሎ ግራም የሚያነሣ ይበቃል። ከዚህ የሚተርፈው ውሃውን ይጎትታል፤ አየሩም በሰፊው ከረጢት ውስጥ እየተንከባለለ ለማስወጣት ያስቸግራል።

ልኩ የሚወሰደው ለመጥለቅ የሚለበሰው ልብስ ተለብሶ ነው። ስፋቱ 5 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ ወጥ ጠፍር በሰሌዳው ቀዳዳዎች ተሹለክልኮ ሁለቱን ትከሻና ወገቡን ያቅፋል፤ ሌላው በእግሮች መካከል አልፎ በወገብ ቀበቶ ላይ ይያያዛል፤ በበቅሎ ጭራ ሥር እንደሚያልፈው ጠፍርም ሰሌዳው ወደ ራስ እንዳይንሸራተት ይከለክላል። እጁን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ የሰደደ ሰው በጣቶቹ የሰሌዳውን ጫፍ ሊነካ፣ ከትከሻው ጠፍር ሥርም መዳፉን ያለ ጭንቅ ሊያስገባ ይገባዋል።

የባሕር ልክ ለሐይቅ አይሆንም። የጨው ውሃ ከጣፋጭ ውሃ በመቶ 2.5 ገደማ ስለሚከብድ፣ ከነዕቃው 90 ሊትር ስፍራ የሚይዝ ሰው ከባሕር ወደ ጣና ሲመጣ ከእርሳሱ 2 ኪሎ ግራም ያህል ይቀንሳል። ጣናም ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ በመሆኑ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ወደ 0.8 ይወርዳል፤ ለባሕር የተዘጋጀው የመውጫ ሰዓት ሠንጠረዥ እዚህ እንዳለ ቢወሰድ ነፍስን ለአደጋ ይሰጣል።

የሥራው ሁሉ መፈተኛ በጉዞው ፍጻሜ ነው። ሲሊንደሩ ወደ 50 ባር ሲወርድ ጠላቂው በ5 ሜትር ጥልቀት ክንፉን ፈጽሞ ባዶ አድርጎ በእርጋታ ይተንፍስ፤ ወደ ላይ ከሄደ እርሳሱ አንሷል፤ ወደ ታች ከሄደ በዝቷል፤ ባለበት ከጸና ልኩን አግኝቷል። ስንቅ በሚሞላበት ጊዜ ማንም ይበረታል፤ ጭነትን የሚያውቅ ግን ስንቁ ተበልቶ አልቆ ኮርቻው የቀለለበትን የመመለሻውን ሰዓት አስቦ ይጭናል።