አሮጌውን ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ከመጣላችሁ በፊት

በሳሎናችሁ ጥግ ወይም በዕቃ ቤታችሁ ውስጥ ጀርባው ወደ ኋላ የወጣ ከባድ ቴሌቪዥን ተቀምጦ ይሆን? ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቀጭኑ ቴሌቪዥን ከመጣ ወዲህ በብዙ ቤት ባል «ይውጣና ቦታ እናግኝ» ይላል፣ ሚስት ደግሞ «የትዳራችን የመጀመሪያ ዕቃ ነው፣ ይቆይ» ትላለች። አንዳንድ ጊዜም ተቃራኒው ነው። ሁለቱም ያላሰቡት ግን አንድ ነገር አለ። የሠርጋቸው ካሴት የሚታየው በዚያ አሮጌ ቴሌቪዥንና ከሥሩ በተቀመጠው ዴክ ነው።

እንግዲህ ስለዚህ ቴሌቪዥን ጥገና እንነጋገር። ሳትከፍቱት ምን ማድረግ እንደምትችሉ፣ ለባለሙያ መተው ያለባችሁ ምን እንደሆነ፣ ገንዘብ ማውጣት የማይገባው መቼ እንደሆነ በቅደም ተከተል እናያለን።

ከየት መጣ?

በአገራችን ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም ሲሆን ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነበር። ባለ ቀለም ሥርጭት የተጀመረው ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ በተከበረበት ወቅት ነው።

እኛ የምንኖርባት ቀብሪበያ ከጅግጅጋ ወደ ሐርትሼክ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ሐርትሼክ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2004 ድረስ ትልቅ የስደተኞች ካምፕ የነበረባት ከተማ ስትሆን፣ ከሐርጌሳ በኩል የሚገባው ዕቃ የሚራገፍባት የታወቀች ገበያም ነበረች። ጨርቁም፣ ቴፑም፣ ቴሌቪዥኑም በዚያ በኩል አልፎ ወደ ጅግጅጋና ወደ መሐል አገር ይሄድ ነበር። ዛሬ በሐረር ወይም በአዲስ አበባ ቤት ያለ አንድ አሮጌ ሶኒ ወይም ፓናሶኒክ በዚሁ አቧራማ መንገድ ተጭኖ ያለፈ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለጥገናው ይጠቅማል። ቴሌቪዥኖቹ ለተለያየ አገር የተሠሩ ስለሆኑ የሚቀበሉት የቀለም ሥርዓትም ይለያያል። የኛ አገር ሥርጭት የተከተለው ፓል የሚባለውን ሥርዓት ነው። ይህም ጀርመን ውስጥ የተፈለሰፈና እ.ኤ.አ. በ1967 ሥርጭት ላይ የዋለ፣ ሥዕሉን በ625 መስመር በሰከንድ 25 ጊዜ የሚያሳይ ነው። ፈረንሳዮች ሴካም፣ አሜሪካና ጃፓን ደግሞ ኤንቲኤስሲ የሚባለውን ይጠቀሙ ነበር። ሥርዓቱ ካልተጣጣመ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ወይም ወደ ላይና ወደ ታች ይንከባለላል። ስለዚህ ዘመዶቻችሁ ከአሜሪካ የላኩት ካሴት ቀለም አልሰጥ ካለ ቴሌቪዥኑ ታሟል ብላችሁ አትቸኩሉ። በሪሞቱ ሜኑ ውስጥ «ከለር ሲስተም» የሚለውን ፈልጉና ለውጡት። ለብዙ አገር ገበያ የተሠሩት ቴሌቪዥኖች ሁሉንም ይቀበላሉ። ዴኩም ራሱ ያንን ሥርዓት የሚያነብ መሆን አለበት።

ሳይከፈት የሚደረግ

በመጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። ከዚያም በላዩ ያለውን ዳንቴልና የፕላስቲክ አበባ አንሡ። እህቶቼ፣ ዳንቴሉ ያምራል፤ ነገር ግን ከላይና ከጀርባ ያሉት ቀዳዳዎች የመተንፈሻ በሮች ናቸው። ሲደፈኑ ሙቀቱ ውስጥ ይታመቃል፤ ሙቀት ደግሞ ካፓሲተር የሚባሉትን ትንንሽ ዕቃዎች ያደርቃል። አሮጌ ቴሌቪዥን ከሚበላሽባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ጀርባው ከግድግዳ ራቅ ይበል፤ አቧራውም በደረቅ ብሩሽ ከውጭ ይጠረግ። ውኃ ያለው ጨርቅ ወደ ቀዳዳዎቹ አታስጠጉ።

ሁለተኛ፣ በስክሪኑ ጥግ ላይ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ካያችሁ አጠገቡ ስፒከር እንዳለ ተመልከቱ። ሞንታርቦም ሆነ የቤት ቴፕ ስፒከር ውስጡ ማግኔት አለው። ባለ ቀለም ስክሪን ከኋላው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦችን የሚለይ ቀጭን ብረት አለው፤ ማግኔት ያንን ብረት ሲነካው ቀለማቱ ይዘበራረቃሉ። ስፒከሩን አርቁ፣ ቴሌቪዥኑን ለግማሽ ሰዓት ያህል አጥፍታችሁ እንደገና አብሩት። ሲበራ የምትሰሙት «ዱም» የሚል ድምፅ ማግኔቱን የሚያጠፋው ሽቦ ሥራ ነው። ይህን ጥቂት ጊዜ ስትደጋግሙት ነጠብጣቡ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ ስክሪኑ ላይ «በረዶ» ብቻ ቢታይ ቴሌቪዥኑ ሞቷል ማለት አይደለም፤ የሚቀበለው ነገር አጥቶ ነው። የዲሽ ሪሲቨር ስትገዙ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳ ያለውን ምረጡ፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር በእነዚያ ታገናኙና ሪሞቱ ላይ «ኤቪ» የሚለውን ትጫናላችሁ። ቴሌቪዥኑ የአንቴና ቀዳዳ ብቻ ካለው ሪሲቨሩን ከዴኩ፣ ዴኩን በአንቴና ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኙ፤ ከዚያ የዴኩ ሥዕል እስኪመጣ ድረስ ቻናል ፈልጉ።

አራተኛ፣ መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት ከተማ ስታቢላይዘር ይኑራችሁ። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣም እስኪረጋ ጥቂት ታገሡ።

ጀርባው አይከፈት!

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። ባልሽ እጁ ቀና ቢሆን እንኳ፣ ሬዲዮ ጠግኖ የሚያውቅ ቢሆን እንኳ፣ የዚህን ቴሌቪዥን ጀርባ እንዲከፍት አትፍቀጂለት። አንተም ወንድሜ፣ ልጆችህ እያዩህ አትክፈተው። ትልቁ የመስታወት ቱቦ 25 ሺህ ቮልት ገደማ የሚደርስ ኃይል ይይዛል። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ያ ኃይል በመስታወቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊቆይ ይችላል። መብራት ከሚገባበት ክፍል ያለው ትልቁ ካፓሲተርም ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል። ከዚህም ሌላ በቱቦው ውስጥ አየር የለም፤ አንገቱ ቢመታ መስታወቱ ወደ ውስጥ ፈንድቶ ስብርባሪው ይረጫል። ባለሙያው መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን ኃይል በተገቢው መሣሪያ ማስወጣት ነው።

የናንተ ሥራ የሕመሙን ምልክት በትክክል መንገር ነው። ይህም ጊዜና ገንዘብ ያድናል።

ሥዕሉ መሐል ላይ አንድ አግድም ነጭ መስመር ብቻ ከሆነ ቶሎ አጥፉት፤ ስክሪኑን ያቃጥላል። ሥዕሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጋው ክፍል ተበላሽቷል ማለት ሲሆን ብዙ ጊዜ ይጠገናል። ሥዕሉ ከዳር ከዳር ከጠበበ የደረቀ ካፓሲተር ሊሆን ይችላል። መታ ሲያደርጉት የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ የተሰነጠቀ የብየዳ ነጥብ አለው። በሥራ ዝውውር ከከተማ ወደ ከተማ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ቴሌቪዥን ይህ ቢያጋጥመው አያስደንቅም፤ ነጥቡን እንደገና መበየድ ብቻ ሊበቃው ይችላል። ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለም ወፍራም ሽቦ አስገብታችሁ አትለፉት፤ ቤት ያቃጥላል።

ነገር ግን ሥዕሉ ለመምጣት ብዙ ደቂቃ የሚፈጅ፣ ሲመጣም የደበዘዘና የፈሰሰ ቀለም የሚመስል ከሆነ ቱቦው ራሱ ደክሟል። አዲስ ቱቦ ዛሬ ገበያ ላይ የለም፤ ፋብሪካዎቹ ወደ ቀጭኑ ስክሪን ዞረዋል። በዚህ ጊዜ «በቃ» ማለት ጥበብ ነው። ለባለሙያው ከመስጠታችሁ በፊት ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ ከዚህ በላይ አናወጣም የምትሉትን ብር ተስማሙ። ባለሙያውንም ዋጋውን አስቀድሞ እንዲናገር፣ የተለወጠውንም አሮጌ ዕቃ እንዲመልስ ጠይቁት።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

ለዜና ወይም ለኳስ ከሆነ አዲሱ ይሻላል። አሮጌው የሚያስፈልገው ለካሴቱ ነው። በዚያ ካሴት ላይ ዛሬ በመካከላችን የሌሉ እናት ሙሽራዪቱን ስመው ሲመርቁ ይታያሉ፤ ድምፃቸውም ይሰማል። ፎቶግራፍ ድምፅ የለውም። ካሴት ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ቀድሞ ያረጃል፤ በላዩ ያለው ማግኔታዊ ቅብ በጊዜ ብዛት ይደክማል።

ስለዚህ ቴሌቪዥኑና ዴኩ የሠሩላችሁ ዕለት መጀመሪያ የሠርጉን ካሴት አታስገቡ። ቢበላሽ የማይቆጫችሁን ሌላ ካሴት ሞክሩ፤ ዴኩ ክር የሚበላ ከሆነ በዚያ ይታወቃል። ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ዴክ ውስጥ አታስገቡት፤ ለባለሙያ አሳዩት። በካሴቱ ጀርባ ጥግ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበሩ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም በስሕተት በላዩ ሊቀዳበት አይችልም። ከዚያም ሳትዘገዩ ወደ ኮምፒውተር አስገለብጡት። በየከተማው ያሉ ቪዲዮ ቤቶች ይህን የሚሠሩ አሉ። ቅጂው ሁለት ይሁን፤ አንዱ እናንተ ጋ፣ ሌላው ወንድም ወይም እህት ቤት ይቀመጥ።

ቴሌቪዥኑ ሊድን ካልቻለም ልጆች በድንጋይ እንዲሰብሩት አትተዉት። የቱቦው መስታወት እርሳስ አለበት፤ ስብርባሪውም ይቆርጣል። ሳይሰበር ለጠጋኝ ስጡት፤ ሌላውን ለማዳን የሚሆን ዕቃ ያገኝበታል።

ከዳነ ግን አንድ ምሽት ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ካሴቱን አብራችሁ እዩት። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ያ ጋቢ የለበሱት ሽማግሌ ማን ናቸው? ያቺ እልል የምትለው ሴት የማን እህት ናት? እናንተ የምታውቁትን ልጆቻችሁ አያውቁትምና ስማቸውን አንድ በአንድ ጻፉላቸው፤ ወረቀቱንም ከቅጂው ጋር አስቀምጡት።