የሕፃናት የጥርስ ራጅ፤ ከድድ በታች ስላለው ነገር

በአንዲት የገጠር አጥቢያ በተካሄደ የጤና ትምህርት ላይ አንድ አባት የ13 ዓመት ሴት ልጃቸውን ይዘው ቀርበው ነበር። የልጅቱ የላይኛው የቀኝ ክራንቻ ጥርስ እስከዚያ ጊዜ አልበቀለም፤ በቦታው ባዶ ድድ ብቻ ይታያል። ቀደም ሲል ጤና ጣቢያው ወደ ከተማ ልኳቸው የጥርስ ሐኪሙ ራጅ እንድትነሣ ቢያዝም፣ አባትየው «ጨረር በልጅ አንጎል አጠገብ አይለቀቅም» ብለው ሳትነሣ መልሰዋት ነበር። በጉባኤው ከተቀመጡት ብዙዎቹ በሐሳባቸው መስማማታቸውን ራሳቸውን በመነቅነቅ ገለጡ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በዚያ ዕለት ጊዜ አጥሮ በሚገባ ያልተመለሰውን ጥያቄ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት አባቶች ለማብራራት ነው።

በቅድሚያ የአባትየው ሥጋት ከከንቱ የመጣ አለመሆኑ መታወቅ አለበት። የራጅ ጨረር በብዛት ሲወሰድ የሰውነትን ሕዋሳት ይጎዳል። የሕፃናት ሕዋሳት ደግሞ ገና በማደግ ላይ ስለሆኑ፣ ከፊታቸውም ረጅም ዕድሜ ስላለ፣ ከአዋቂዎች ይልቅ ጥንቃቄ ይሻሉ። ሆኖም ነገሩ የሚወሰነው በመጠኑ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ዊልኼልም ሮንትገን ይህን ጨረር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 መጨረሻ ሲሆን፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለ የአገሩ የጥርስ ሐኪም የራሱን ጥርሶች ለማንሣት 25 ደቂቃ ያህል በጨረሩ ፊት መቆየት ግድ ሆኖበት ነበር። ዛሬ ያው ሥራ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል።

መጠኑን ለመገመት ከዕለት ተዕለት ኑሯችን ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ማንኛውም ሰው ራጅ ባይነሣም እንኳ ከአፈሩ፣ ከዓለቱ፣ ከምግቡና ከሰማይ ጨረር ይቀበላል፤ የዚህ የተፈጥሮ ጨረር የዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ነው። በደጋ የሚኖር ሰው ከሰማይ የሚመጣውን በቆላ ከሚኖረው ይልቅ አብዝቶ ይቀበላል፤ ይሁንና ስለዚህ ብሎ ከደጋ የሚወርድ የለም። በዘመናዊ መሣሪያ የሚነሣ አንድ ትንሽ የጥርስ ራጅ የሚያደርሰው ጨረር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው በአንድ ቀን ከተፈጥሮ ከሚቀበለው አይበልጥም። መላውን መንጋጋ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ትልቁ ራጅ ደግሞ የጥቂት ቀናት ድርሻ ያህል ይሆናል።

ታዲያ ይህን ያህሉስ ለምን አስፈለገ? ሐኪም በዓይኑና በመስተዋት የሚያየው ከድድ በላይ ያለውን ብቻ ነው። በሕፃን አፍ ውስጥ ግን አብዛኛው ነገር ያለው ከድድ በታች ነው። ሃያዎቹ የወተት ጥርሶች ገና በቦታቸው ሳሉ ቋሚዎቹ ጥርሶች በአጥንቱ ውስጥ ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዱ ቢጎድል፣ ቢጣመም ወይም መንገድ ቢስት ያለ ራጅ የሚያውቅ የለም። ከዚህም ሌላ ሁለት የኋላ ጥርሶች ተጠጋግተው በሚነካኩበት ቦታ የሚጀምር መቦርቦር ከውጭ አይታይም፤ የወተት ጥርስ የላይ ሽፋኑ ስስ በመሆኑም ጉዳቱ ቶሎ ወደ ውስጠኛው ሥጋ ይደርሳል። ወድቆ ጥርሱ የተመታ ልጅም ሥሩ መሰበር አለመሰበሩ በራጅ ይለያል።

በአገራችን ግን ራጅ የሚመልሰው ሌላም ጥያቄ አለ፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል።

አባትየው በኋላ ልጅቱን መልሰው ወስደው ራጁ ተነሣ። የጎደለው የመሰለው ክራንቻ በአጥንቱ ውስጥ ተጋድሞ፣ አናቱም ቅርጹን አጥቶ ተገኘ። ሐኪሙ የልጅቱን የሕፃንነት ታሪክ ሲጠይቅ መልሱን የሰጡት አያቷ ነበሩ፤ በ7 ወሯ ተቅማጥ ይዟት «ግግ ነው» ተብሎ በመንደሩ አዋቂ ተቧጦላታል። በዚያ በኩል የወተት ክራንቻዋ ጨርሶ እንዳልበቀለ ያስታወሱትም እርሳቸው ናቸው።

ግግ የሚባለው ምንድን ነው? ሕፃኑ ጥቂት ወራት ሲሞላው የወተት ክራንቻው በድዱ ሥር ሆኖ ለመብቀል ሲዘጋጅ ድዱን ከፍ አድርጎ ነጣ ያለ እብጠት ያሳያል። ይህ ጊዜ ሕፃኑ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባበትና ተጨማሪ ምግብ የሚጀምርበት በመሆኑ ተቅማጥና ትኩሳት ይበዛበታል። ወላጆች ሁለቱን አያይዘው እብጠቱን የበሽታው መነሻ ያደርጉታል። አዋቂው ድዱን በስለት ወይም በሹል ብረት ሰንጥቆ ለስላሳ ነጭ ነገር ያወጣና «ትሉ ይኸው» ብሎ ያሳያል። ያ ነጭ ነገር ትል አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ ጥርስ ነው። ቋሚው ክራንቻ መጠንከር የሚጀምረው በ4 እና በ5 ወር ገደማ ከዚሁ ጥርስ አጠገብ ስለሆነ ስለቱ ሁለቱን አብሮ ያገኛቸዋል። ደም መፍሰሱ፣ በቁስሉ የሚገባው መንጋጋ ቆልፍና በንጹሕ ባልሆነ ስለት የሚተላለፈው በሽታ ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳሉ፤ የተረፈው ልጅ ደግሞ ምልክቱን በአጥንቱ ይዞ ያድጋል። ይህ ልማድ በእኛ አገር ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በሱዳን፣ በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛንያም አለ። ወደ እስራኤል የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆችን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞችም የክራንቻ ጥርሶችን መጉደልና መበላሸት አስተውለው ጽፈዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማድ በሕፃናት አካል ላይ ጉዳት ማድረስን ያስቀጣል።

እንዲህ ሲባል ግን ግግ ትል አለመሆኑን ለማስረዳት ሕፃናትን ሁሉ ራጅ ማስነሣት ይገባል ማለት አይደለም። ራጅ የሚታዘዘው ሐኪሙ አስቀድሞ አፉን መርምሮ፣ ታሪኩን ጠይቆ፣ በዓይን ሊመልሰው ያልቻለው ጥያቄ ሲኖረው ብቻ ነው። ልጁ ሳይታይ በበሩ እንደገባ «በመጀመሪያ ራጅ ይነሣ» የሚል ቦታ ቢያጋጥም ወላጅ ምክንያቱን መጠየቅ መብቱ ነው። «በዚህ ራጅ ምን ይፈለጋል? ውጤቱስ ሕክምናውን ይለውጠዋል?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ግልጽ መልስ ከተገኘ ፈርቶ መመለስ ልጁን ይጎዳዋል።

የመሣሪያው ቅንብር ለልጅ መጠን መቀነሱን፣ ጨረሩም በሚፈለገው ጥርስ ላይ ብቻ እንዲያርፍ መጥበቡን መጠየቅ ይገባል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ይህ ነው። በእርሳስ የተሠራውን ከባድ ሽርጥ በተመለከተ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ምክር ጨረሩ በሚገባ ከጠበበ ሽርጡም ሆነ የአንገት መከላከያው አስፈላጊ አለመሆኑን ገልጿል። በብዙ ቦታ ግን አሁንም ይደረጋል፤ ምስሉን እስካልጋረደ ድረስ ማልበሱ አያስከፋም፣ አለመልበሱም ማስደንገጥ የለበትም። ልጁ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ተበላሽቶ ይደገማልና አስቀድሞ በቤት ውስጥ ጸጥ ብሎ መቀመጥን እንደ ጨዋታ ማለማመድ ብልኅነት ነው። ነፍሰ ጡር እናት ልጇን ይዛ በክፍሉ ውስጥ አትቁም፤ ሌላ ዘመድ ይተካት። የተነሣውን ራጅም ተቀብሎ ማስቀመጥና ወደ ሌላ ሐኪም ሲሄዱ ይዞ መቅረብ ያላስፈላጊ ድጋሚን ያስቀራል።

ሰበካ ጉባኤያት የጥርስ ሕክምና ዘመቻ ሲያዘጋጁ የሚመጣው የራጅ መሣሪያ በሕግ የሚፈለገውን ፈቃድ የያዘ መሆኑን አስቀድመው እንዲያረጋግጡ እናሳስባለን። ዕድሜያቸው 10 ዓመት ገደማ የደረሱና በሕፃንነታቸው ግግ የወጣላቸው ልጆች ካሉ ስማቸው ተመዝግቦ በቅድሚያ ቢታዩ መልካም ነው፤ ክራንቻው መንገድ መሳቱ በዚህ ዕድሜ ከታወቀ የሕክምናው አማራጭ ይሰፋልና። ለልጅቱ ግን የታወቀው በ13 ዓመቷ ነው፤ ጥርሱ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለውን ሐኪሞቿ ገና እየመከሩበት ይገኛሉ።

ለንስሐ አባቶች የምናቀርበው ጥያቄ ከዚህ የቀለለ ነው። ልጅ ታሞ ቤተሰቡ ሲጨነቅ በቅድሚያ የሚጠሩትና ምክር የሚጠየቁት እናንተ ናችሁ። ሕፃን ተቅማጥ ይዞት «ግግ ነው፣ ለአዋቂ እናሳየው» የሚል ቃል በሰማችሁ ጊዜ፣ እናቲቱ ጡት ማጥባቷን ሳታቋርጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውኃ በጥብጣ እንድትሰጠው፣ በዚያው ዕለትም ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ እንድትወስደው ንገሯት። የልጅቱ ታናሽ ወንድም ዘንድሮ 6 ወር ሆኖታል፤ ባለፈው ወር ተቅማጥ ሲይዘው ወደ ጤና ጣቢያው ይዘውት የሄዱት አያቱ ናቸው።