ሕግን በሕግ የረቱት ጠበቃ

ወጣቱ አንባቢ ሆይ! የሕግ ትምህርት ለደመወዝና ለማዕረግ ብቻ የሚፈለግ መስሎህ እንደ ሆነ፣ የአሜሪካዊውን ጠበቃ የፍሬድ ግሬይን ሥራ ተመልከት።

ግሬይ በ1930 (እ.ኤ.አ.) በአላባማ፣ በሞንትጎመሪ ከተማ ተወለዱ። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ጥቁሮችን አያስገባም ነበርና ኦሃዮ ድረስ ሄደው ሕግ ተማሩ፤ በ1954ም የቀለም ልዩነትን በፍርድ ቤት ለመታገል ቆርጠው ተመለሱ።

በ1955 ሮዛ ፓርክስ የአውቶቡስ መቀመጫዋን ለነጭ አልለቅም ብላ በተያዘች ጊዜ ጠበቃዋ ሆኑ፤ ዕድሜያቸው ገና 24 ነበር። ሕዝቡ ከአውቶቡስ ርቆ 381 ቀን በእግሩ ሲመላለስ፣ እርሳቸው ስለ አራት ሴቶች ቆመው ተከራከሩ። በ1956 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰውን በቀለም ለይቶ ማስቀመጥ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይስማማ የተሰጠውን ፍርድ አጸና።

በ1972 ደግሞ የመንግሥት ሐኪሞች በተስኪጊ አካባቢ የቂጥኝ ሕመምተኞችን ለምርምር ሲሉ ሕክምና ነፍገው 40 ዓመት ማቆየታቸው ተገለጠ። ግሬይ ስለ ተጐጂዎቹ ከሰሱ፤ መንግሥትም በ1974 10 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ።

ያደጉበት መንገድ ባርነትን ለማቆየት በተዋጋው ወገን ፕሬዚዳንት፣ በጄፈርሰን ዴቪስ ስም ይጠራ ነበር። በ2021 ከተማው ያን ስም ፍቆ የግሬይን ስም ጻፈበት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በጠረጴዛህ ላይ ያለውን የሕግ መጽሐፍ ለፈተና ብቻ አትግለጠው፤ የተበደለ ሰው መብቱን የሚያገኘው አንብቦ የሚቆምለት ሲኖር ነው።