የወይባ መቀመጫ

ወይባ ጢስ ሲነሳ ሰው ቀድሞ የሚያወራው ስለ እንጨቱ፣ ስለ ሽታው፣ ቆዳ ላይ ስለሚጥለው ወርቅማ መልክ ነው። ስለ መቀመጫው የሚያወራ ጥቂት ነው። ነገር ግን አንዲት ሴት ሰባት ቀን ታጥና መልኳ አንድ ወጥ ሆኖ መውጣቱን፣ ወይም ጀርባዋ ወርቅማ ሆኖ ጭኗ ከነበረበት ሳይለወጥ መቅረቱን የሚወስነው ገላዋ ያረፈበት ነገር ነው። እንጨቱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ጢስ ያልደረሰበት ቆዳ መልክ አይዝም።

ወይባ የቆላ ዛፍ ነው፤ በሳይንስ ስሙ ተርሚናሊያ ብራውኒ ይባላል። በበጋ ቅጠሉን ያረግፋል፤ ፍሬው ክንፍ ያለው ሲሆን ሲበስል ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይሄዳል። የጎጃሟ ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋን የከበባት ባሕር ዛፍ ነው እንጂ ወይባ አይደለም። ወይባን የፈለገ ሰው ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ አለበት። ስለዚህ ለደጋው ሰው ወይባ የሚገዛ ወይም ቆላ ካለ ዘመድ የሚላክ ነገር ነው፤ ተፈልጦ ይቀመጣል፣ በቁጠባም ይጨሳል።

ደጋው ግን ለጢስ እንግዳ አይደለም። የጠላ ጋን በወይራ ይታጠናል፣ የወተት ዕቃም እንዲሁ፤ ጥንጁት የሚያጨስም አለ። ጋን አጥና ያደገች የጎጃም ሴት የጢስን ጠባይ ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ጋኑ በአፉ የሚደፋው ጢሱ እንዳይበተን፣ ውስጡን ሁሉ እንዲያዳርስ ነው። የገላ ጢስም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ወይባ የሚሞቁት በብዛት ሁለት ዓይነት ሴቶች ናቸው፦ ሙሽራና አራስ። የደጋው ሠርግ ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይበዛልና ሙሽራዋ ከዚያ ቀደም ብላ ቀናት ትይዛለች። አራሷ ደግሞ ልጁ ክርስትና እስኪነሳ፣ ወንድ ከሆነ እስከ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ወገቧ እንዲጠናና ገላዋ እንዲፍታታ ትሞቃለች። ከኢትዮጵያ ውጭም ልማዱ አለ። ሱዳኖች ዱኻን ይሉታል፤ ጣልህ የሚሉትን ግራርና ሻፍ የሚሉትን እንጨት ያጨሱበታል። ሻፍ የእኛው ወይባ ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ወለሉ አፈር በሆነ ቤት ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ሲሚንቶ ከሆነ የሸክላ ምድጃ ወይም የብረት ዕቃ ይተካዋል። ፍም ይገባና የተፈለጠው ወይባ ይጨመርበታል። እንዲጤስ እንጂ እንዲነድ አይፈለግም፤ ነበልባል ከተነሳ አመድ ነስነስ ይደረግበታል። ሴቲቱ ገላዋን ቅቤ ወይም ዘይት ተቀብታ ከላዩ ትቀመጣለች፤ ከአንገቷ በታች በብርድ ልብስ ወይም በባና ትሸፈናለች፤ ጭንቅላቷ ውጭ ይቀራል። ከዚያ ላቡ ይወርዳል። ስትነሳ ላቧን በጨርቅ ታብሳለች እንጂ ወዲያው በሳሙና አትታጠብም።

ዋናው ሙያ መቀመጫው ላይ ነው፤ በየቤቱም የሚለያየው እዚህ ላይ ነው።

ከዋንዛ ተፈልፍሎ የተሠራውን ዱካ እንውሰድ። ለቡና፣ ለእንጀራ መጋገሪያ አጠገብ፣ ለሽማግሌ መቀመጫ የሚስተካከለው የለም። ላዩ ሰርጎድ ያለ ስለሆነ ገላን ሙሉ በሙሉ ይይዛል፤ ለወይባ የማይመቸውም በዚሁ ነው። መቀመጫዋና የጭኗ ሥር ከእንጨቱ ጋር ተጣብቀው ይቆያሉ፤ ጢሱ በጎንና በጎን እየሸሸ ወደ ሆድና ወደ ጀርባ ይወጣል። ከጥቂት ቀን በኋላ ሆድና ጀርባ ያምራሉ፤ ከታች የዱካው ቅርጽ እንዳለ ታትሞ ይታያል። በጠፍር የተጠለፈ መቀመጫ ይሻላል፣ ጢስ ያሳልፋል፤ ግን ጠፍሩ የተጫነበት ቦታ እንደ ሸማ ጥለት መስመር መስመር ሆኖ ይቀራል።

የተሻለው መሃሉ ክፍት የሆነ በርጩማ ነው። ጢሱ ሽቅብ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ሰውነትን የሚሸከመው ጠርዙ ብቻ ነው። ቢሆንም ጠርዙ ራሱ ይቆነጥጣል፤ ባዶ እንጨት ላይ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ለአራስ ሥቃይ ነው፤ ያመመው ሰው ደግሞ አንዱ ጎኑ ላይ ያጋድላል፤ ያጋደለ ገላ እኩል አይታጠንም። ስለዚህ መደላድል ያስፈልጋል። ያረጀ ጋቢ ወይም ነጠላ ታጥፎ ጠርዙን ሁሉ ሳይሸፍን፣ የመቀመጫ አጥንቶቹ በሚያርፉበት በሁለቱ ወገን ብቻ ይደረጋል። ጭኑ ነፃ ይሆናል፤ ክብደቱ የሚሸከመው አጥንት ላይ ያርፋል። ጨርቁ ጥጥ መሆን አለበት። ስፖንጅ ወይም ናይለን ያለበት ትራስ ለልስላሴው ብላችሁ አታድርጉ፤ ፍም ቢነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ ጢሱም መርዝ ነው።

ቁመቱም ጉዳይ አለው። መቀመጫው ዝቅ ካለ ጭን ይለበለባል፤ በጣም ከፍ ካለ ጢሱ ሳይደርስ ይበተናል። እግር እንዳይንጠለጠል ከጉድጓዱ ግራና ቀኝ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ይቀመጥለታል፤ እግር ካልተደገፈ ክብደቱ ሁሉ ወደ ጭን ሥር ይመለሳልና።

አንድ ነገር ላይ በተለይ መናገር እወዳለሁ፤ እርሱም ጀርባን ግድግዳ ላይ ማስደገፍ ነው። የደከማት ሴት ይህን ብታደርግ ማንም አይፈርድባትም፤ ግን ትከሻዋ ባዶ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ድጋፉን ወደ ፊት ማምጣት ነው። ሌላ በርጩማ ከፊቷ ይቀመጥና መከዳ ይደረግበት፤ ሽፋኑ ከላይ እየወደቀ ክንዶቿን መከዳው ላይ ዘርግታ ወደ ፊት ታዘንብል። ይህ ጀርባዋን ያሳርፋታል፤ ብብቷም ይከፈታል፤ ሆዷ ላይ የሚታጠፈው ቆዳ ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ በየመሃሉ ቀና ማለት አለባት። እጥፋት ሁሉ ጢስ አይገባበትም፦ የክርን ውስጥ፣ የጡት ሥር፣ የጉልበት ጀርባ። ልምድ ያላት ሴት አጠገቧ ተቀምጣ «ክንድሽን አንሺ ልጄ፣ አሁን እግርሽን ዘርጊ፣ እስቲ ትንሽ ወደዚህ ፈቀቅ በይ» የምትለው ለዚህ ነው። ፈቀቅ ማለቱ ትልቅ ቁም ነገር አለበት፤ የተጫነው ቦታ ተራ በተራ ካልተቀያየረ የትኛውም መደላድል ሥራውን አይጨርስም።

ሽፋኑም እንደ መቀመጫው ነው። ባና ከባድ ስለሆነ ትከሻ ላይ ይተኛል፤ የተኛበት ቦታ ጢስ አያገኝም። ትከሻን አለፍ ብሎ እንዲወድቅ፣ ከገላ ራቅ እንዲል ማድረግ ይበጃል። በአዲስ አበባ ወይባ የሚያሞቁ አንዳንድ የውበት ሳሎኖች ይህን ያቃለሉት የጭንቅላት ማውጫ ባለው የእንጨት ሳጥን ነው፤ ገላ ሳጥኑ ውስጥ ቁጭ ይላል፣ ከመቀመጫው በቀር የሚነካው ነገር የለም።

መልኩ ለምን እንደዚህ በንክኪ ይወሰናል? ጢስ ሥጋን ወይም ዓሣን የሚያቀላው በውስጡ ያሉ ውሕዶች ከፕሮቲን ጋር ተዋሕደው ወርቅማና ቡናማ ቀለም ስለሚፈጥሩ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ያለ ፀሐይ ቆዳን የሚያጠይመው ቅባትም የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ የሚያቀልመው የላይኛውን፣ የሞተውን የቆዳ ንጣፍ ብቻ ነው። ወይባም የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። ይህ ንጣፍ በሳምንታት ውስጥ ተራግፎ በአዲስ ስለሚተካ መልኩ አብሮ ይሄዳል፤ ሙሽራዋ ወይባዋን ከሠርጉ ብዙ ቀድማ የማትጨርሰው ለዚህ ነው።

ወርቅማ መልክን ፍለጋ ሌላው ዓለም የሄደበት መንገድ የተለየ ነው፤ ያጋጠመው ችግር ግን ከእኛው ጋር ይገጥማል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮልፍ በአልትራቫዮሌት መብራት ቆዳን የሚያጠይም አልጋ ገበያ ላይ አዋለ። ተጠቃሚው ብርሃን በሚያሳልፍ አክሪሊክ ላይ ይተኛል፤ መብራቱ ከታችም ከላይም ያበራል። አክሪሊኩ ብርሃን ስለማይከለክል ገላው ሁሉ እኩል ይጠይማል ተብሎ ይታሰባል፤ ሆኖም የትከሻ አጥንቶችና የዳሌ አጥንት ያረፉበት ላይ ነጭ ነጭ ቦታ ይቀራል። ምክንያቱ ደም ነው። አጥንቱ ቆዳውን ከአክሪሊኩ ጋር ሲጫነው ደሙ ከዚያ ቦታ ይሸሻል፤ አልጋው በብዛት የሚያመነጨው ዩቪኤ የሚባለው ጨረር ደግሞ ቆዳን ለማጠየም ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ኦክስጅኑን የሚያመጣው ደም ነው። ስለዚህ ከአንገት ሥር፣ ከጉልበት ሥር፣ ከወገብ ሥር የሚደረጉ መደገፊያ ትራሶች ተሠሩ፤ ክብደቱን እያከፋፈሉ አንድ አጥንት ብቻ እንዳይጫን ያደርጋሉ። ቆመው የሚሞቁበትም ተሠራ፤ ቆሞ የሚሞቅ ሰው የሚጫነው ነገር የለውም።

ትራሱ መልኩን ያስተካክላል፤ ጨረሩን ግን ደግ አያደርገውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2009 (እ.ኤ.አ.) እነዚህን አልጋዎች ካንሰር እንደሚያመጡ በእርግጠኝነት ከታወቁት ጋር መደባቸው፤ ከ30 ዓመት ዕድሜያቸው በፊት የጀመሩ ሰዎች ሜላኖማ በሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 75 በመቶ ከፍ እንደሚልም ገለጸ። ብራዚል በዚያው ዓመት ከለከለቻቸው፤ አውስትራሊያ ውስጥም የንግድ አገልግሎታቸው በ2016 (እ.ኤ.አ.) ተዘጋ። የጎጃም ደጋ ሰው እንዲህ ያለ አልጋ የሚያስፈልገው አይደለም። አልትራቫዮሌት ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል፤ የማርቆስ ፀሐይ ከባሕር ዳርቻ ፀሐይ ሩብ ያህል ትበረታለች። የማርቆስ ሴቶች በቀትር ጃንጥላ መያዛቸው ትክክል ነው።

ወይባ ጨረር የለበትም፤ ጢስ ግን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስሌት በ2020 (እ.ኤ.አ.) በቤት ውስጥ የማገዶ ጢስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ያሳያል። ከዚህም በላይ ፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ሰውን አስተኝቶ ይገድላል። ደጋ ውስጥ አደጋው የሚከፋው ብርድ ስላለ ነው፤ አራስ እንዳይመታት ተብሎ በር ይዘጋል፣ ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ይወተፋል። ጭንቅላቷ ከሽፋኑ ውጭ መሆኑ ብቻውን አያድናትም፤ የቤቱ አየር ከተመረዘ የምትተነፍሰው ያንኑ ነው። ላቡ ሲበዛ ራስ ማዞር ይመጣል፤ ራሷ የዞረባት ሴት ደግሞ ከፍም በላይ ነው የተቀመጠችው። የሚጥል በሽታ ያለባት፣ በስኳር በሽታ ምክንያት እግሯ የደነዘዘ፣ በቀዶ ጥገና ወልዳ ቁስሏ ያልሻረ ሴት ጉድጓዱ ላይ መቀመጥ የለባትም። ነፍሰ ጡር ፈጽሞ አትሙቅ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከእናቲቱ ይልቅ ጽንሱን ይጎዳል። ሕፃኑም በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል፣ በሌላ ሰው እጅ ይሁን።

ለወይባ ልዩ ፍቅር አለኝ፤ እንዲጠፋም አልፈልግም። አንዲት ሴት ወልዳ ወይም ልትዳር ስትል እናቷ፣ አክስቷ፣ ጎረቤቷ ተሰብስበው ስለ ገላዋ ብቻ የሚያስቡበት ሰዓት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰዓት በየትም በገንዘብ አይገኝም። ዛፉም ቢሆን ደግ ነው፤ ከሥሩ ካልተነቀለ ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል፤ ከቆላ የምታስመጡ ሰዎች ቅርንጫፉን ብቻ እንዲቆርጡላችሁ ንገሯቸው።

አራስ የምትጠይቁ፣ ሙሽራ የምታዘጋጁ እናቶች ሆይ፦ መቀመጫውን መሃሉ ክፍት አድርጉት፣ ጠርዙን በጥጥ ጨርቅ ደልድሉት፣ ድጋፉን ከፊቷ አምጡላት፣ በየመሃሉ ፈቀቅ አድርጓት። በሩንም ክፈቱት፤ ብርዱን በሌላ ጋቢ መመለስ ይቻላል። ሴቲቱንም ለአንድ አፍታ እንኳ ብቻዋን አትተዋት።