የቧንቧ ውኃና የዓሣ ገንዳ

ሰው ጠጥቶ ጥሙን የሚያረካበት ንጹሕ የቧንቧ ውኃ ዓሣን ሊገድል ይችላል ቢባል ለብዙዎች የማይታመን ይመስላል። ነገር ግን በቤቱ በመስታወት ገንዳ ዓሣ የሚያኖር ሰው የገንዳውን ውኃ ከቧንቧ ቀድቶ ወዲያውኑ ቢለውጥ፣ በማግሥቱ ዓሣዎቹን ሞተው በውኃው ላይ ተንሳፈው ሊያገኛቸው ይችላል። የዚህን ምክንያት ለመረዳት ውኃው ከየት እንደሚመጣና ምን እንደሚጨመርበት፣ ቀጥሎም ዓሣ እንዴት እንደሚተነፍስ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህም የጅቡቲን ከተማ በምሳሌነት እንውሰድ።

ጅቡቲ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ናት። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ ዝናቧም እጅግ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ነዋሪዎቿ ለብዙ ዘመን የኖሩት ከጉድጓድ በሚወጣ ውኃ ነው፤ ባሕሩ ቅርብ በመሆኑም ይህ ውኃ ጨዋማነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ በአዲጋላ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ተነሥቶ ድንበር የሚሻገር የውኃ መስመር ተመረቀ። መስመሩ የታቀደው በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ ውኃ እንዲያደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ከባሕር ውኃ ጨውን የሚለይ ጣቢያ በዶራሌ ተመረቀ።

ለከተማ ሕዝብ የሚታደል ውኃ በረጅም ቧንቧ ሲጓዝ በተሕዋስያን እንዳይበከል ክሎሪን ይጨመርበታል። የዓለም የጤና ድርጅት ውኃው ለተጠቃሚው ሲደርስ በአንድ ሊትር ውስጥ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲቀርበት ይመክራል። ይህ መጠን ሰውን አይጎዳም፤ እንዲያውም ከኮሌራና ከተስቦ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ክሎሪን የሰው ባለውለታ እንጂ ጠላት አይደለም።

የዓሣ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ሰው ውኃን ይጠጣል፤ ዓሣ ግን በውኃ ውስጥ ይተነፍሳል። በውኃው የሟሟውን ኦክሲጅን የሚስበው በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ በሚገኙት ስንጥቦቹ ነው። የስንጥቦቹ ቆዳ እጅግ ስስ ስለሆነ ክሎሪን በቀላሉ ያቆስለዋል። ስለዚህ ዓሣው በውኃ መካከል እያለ ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል።

ጉዳቱ በዚህ ብቻ አያበቃም። ከዓሣ ዓይነ ምድርና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ የተባለ መርዝ ይፈጠራል። በገንዳው ጠጠርና ማጣሪያ ላይ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ ደረጃ በደረጃ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ የናይትሬት ጎጂነት ከአሞኒያ በጣም ያነሰ ነው። ክሎሪን ግን ጎጂውንና ጠቃሚውን ሳይለይ ይገድላል። ማጣሪያውን በቧንቧ ውኃ ማጠብ የማይገባውም ስለዚህ ነው፤ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? ውኃውን በሰፊ ባልዲ ቀድቶ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ማቆየት ነው። ክሎሪን ተናኝ በመሆኑ ቀስ በቀስ ወደ አየር ይወጣል፤ ውኃውን ማማሰልም ያፋጥነዋል። ባልዲው ትንኝ እንዳይራባበት በስስ ጨርቅ ይሸፈናል፤ የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ በተጠራቀመ ውኃ ላይ እንቁላሏን ትጥላለችና። ጊዜ የሌለው ሰው ሶዲየም ታዮሰልፌት የተባለውን ኬሚካል በታዘዘው መጠን ቢጨምር ክሎሪኑ ወዲያውኑ ኃይሉን ያጣል። በአንዳንድ አገሮች ከተሞች በክሎሪን ፈንታ የሚጨመረው ክሎራሚን ግን በማቆየት ብቻ አይወገድም፤ አሞኒያውንም ጭምር የሚያከሽፍ መድኃኒት ይፈልጋል።

በጅቡቲ ሌላም ጥንቃቄ ያሻል። በበጋ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍ በቤት ጣሪያ ላይ በተቀመጠ ታንከር ያለው ውኃ እጅግ ይግላል። ውኃ ሲሞቅ ደግሞ የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ በአንድ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል የሚይዘው ንጹሕ ውኃ በ30 ዲግሪ ከ7.5 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የተቀዳው ውኃ በጥላ ሥር ቆይቶ ሙቀቱ ከገንዳው ውኃ ጋር ሲመሳሰል ይጨመራል። ውኃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መለወጥም አይገባም፤ በየሳምንቱ ከአራት አንድ እጁን መለወጥ ይበቃል። ከገንዳው የወጣው ውኃ ጨው ካልተጨመረበት ለአትክልት ይጠቅማልና አይደፋም፤ ከሩቅ አገር በቧንቧ የመጣን ውኃ ማባከን ነውር ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ለአንዱ ሕይወት የሆነው ለሌላው ሞት ሊሆን ይችላል። በገንዳ ያለ ዓሣ ውኃው ባይስማማው ወደ ሌላ ስፍራ ሊሸሽ አይችልም፤ ሕይወቱ በአሳዳሪው እጅ ናት። እንስሳን ወደ ቤቱ ያስገባ ሰው ለራሱ የሚበጀውን ብቻ ሳይሆን ለእንስሳው የሚበጀውንም መርምሮ የማወቅ ግዴታ አለበት።

ጥያቄዎች

1. ሰውን የማይጎዳው ክሎሪን ዓሣን የሚገድለው ለምንድን ነው?
2. የገንዳውን ማጣሪያ በቧንቧ ውኃ ማጠብ ምን ጉዳት ያስከትላል?
3. «ለአንዱ ሕይወት የሆነው ለሌላው ሞት ሊሆን ይችላል» የሚለውን ሐሳብ ከአካባቢያችሁ ሌላ ምሳሌ በመስጠት በአንድ አንቀጽ አብራሩ።